ዜማው የማን ነው?

ስልኬ ኖኪያ 5310 ነበር። ኤክስፕረስ ሚዩዚክ የሚል ስም ይጨመርበታል። ታላቅ እህቴ ከዱባይ በሰው እጅ ላከችልኝ። ጥቁር ነው፤ ዳርና ዳሩ ላይ ቀይ አለው። ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ክብደቱ 71 ግራም ነው። ከስክሪኑ በስተግራ ሦስት ትንንሽ ቁልፎች ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል። አንዷ ዘፈን ታስጀምራለች፣ ታቆማለች። ሁለቱ ወደፊትና ወደኋላ ይወስዳሉ። ጓደኞቼ ዘፈን ለመክፈት ሜኑ ውስጥ ገብተው ፎልደር ሲፈልጉ፣ እኔ ስልኩን ከኪሴ ሳላወጣ በአውራ ጣቴ ዳብሼ አልፋለሁ።

ይህን ስልክ በጣም ወድጄው ነበር። አሁንም እወደዋለሁ። የሰጠኝ ብዙ ነው። ያልሰጠኝ አንድ ነገር አለ፤ ዘፈኖቹን የሠሩትን ሰዎች ስም። ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ስለዚህ ነው።

ሙዚቃ የሚያጫውት ስልክ ከ5310 በፊትም ነበር። የጀርመኑ ሲመንስ ኤስ ኤል 45 የሚባለውን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። አብሮት የሚመጣው ሜሞሪ 32 ሜጋ ባይት ነበር። ስምንት ዘፈን ያህል ይይዛል፤ የካሴት አንድ ገጽ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሶኒ ኤሪክሰን ደብልዩ 800ን ይዞ መጣ። ሶኒ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካሴት ማጫወቻ ያስተዋወቀው የዎክማን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክ ላይ የወጣው ያኔ ነው። በዚያው ዓመት ሞቶሮላ ከአፕል ጋር ሆኖ ሮከርን አወጣ፤ ሜሞሪው ቦታ ቢኖረው እንኳ ከ100 ዘፈን በላይ አያስገባም ነበር። 5310 የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ማንኛውም ተራ ኤርፎን የሚሰካበት ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አለው። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ያኔ ብዙ ስልክ የራሱ ልዩ ሶኬት ነበረው፤ አብሮ የመጣው ኤርፎን ከተበጠሰ ዘፈኑም አበቃ። እኔ ግን ደሴ ፒያሳ ወርጄ ከመንገድ ዳር አዲስ ገዝቼ እመለሳለሁ።

ደሴ ነው ያደግኩት። አገራችን ሞባይል የገባው በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት ላይን ማግኘት በራሱ ጣጣ ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ተዘጋ፤ የተከፈተው በሚሌኒየሙ፣ በ2000 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ካርድ ሲኖር ይደወላል። ካርድ ከሌለ ሚስድ ኮል ነው። ስለዚህ ቀፎው ቀኑን ሙሉ የሚውለው ዘፈን ሲያጫውት ነበር። ላይን ሳይኖራቸው ቀፎ ብቻ ይዘው ዘፈን የሚሰሙበት የሰፈር ልጆች አውቃለሁ። ማንም አይደውልላቸውም። እነሱ ግን ባትሪውን በየማታው ቻርጅ ያደርጋሉ።

ሳጥኑ ውስጥ ባለ 2 ጊጋ ሜሞሪ ነበር። ያኔ ከእጅ እጅ የሚዞረው ኤምፒ3 አብዛኛው በሴኮንድ 128 ኪሎ ቢት የተጨመቀ ነው። አንድ ደቂቃ ሙዚቃ አንድ ሜጋ ባይት ገደማ ይወስዳል። ባለ አራት ደቂቃ ዘፈን አራት ሜጋ። 2 ጊጋ እንግዲህ ወደ 500 ዘፈን ነው፤ በካሴት ብታስቡት ወደ 40 ካሴት። ከጥፍሬ ብዙም የማትበልጥ ካርድ ላይ! አባቴ ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቡት ካሴት ያን ያህል አይሞላም ነበር።

ስለ ድምፁ ጥራትም እውነቱን ልናገር። ኤምፒ3 የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም መሐንዲሶች ብዙ የደከሙበት ዘዴ ነው። ጎላ ያለ ድምፅ አጠገቡ ያለውን ደካማ ድምፅ ይሸፍነዋል፤ ጆሮ የማይሰማውን ማስቀመጥ ለምን ያስፈልጋል? ይጣል። ሐሳቡ ይህ ነው። ለብዙ ዘፈን በደንብ ይሠራል። የሚቸገረው ድንገት ተነሥቶ ድንገት በሚጠፋ ድምፅ ላይ ነው። ጭብጨባ ላይ። የወሎ ዘፈን ደግሞ ያለ ጭብጨባ ምን ይሆናል? በጣም የተጨመቀ ዘፈን ውስጥ ጭብጨባው ጧ ብሎ አይመታም። ሊመታ ሲል ቀድሞ፣ የጋለ ምጣድ ላይ እንደተረጨ ውሃ፣ ችስ ይላል። ይህን አንዴ ከሰማችሁት በኋላ አለመስማት አይቻልም።

የስልኩ ስፒከር ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ወፍራም ድምፅ አይወጣውም። ከበሮውና ቤዝ ጊታሩ ይጠፋሉ። ማሲንቆው፣ ክራሩና የሴት ድምፅ ይቀራሉ። ማታ ማታ ስልኩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ እናቆመውና ዙሪያውን ተቀምጠን እንሰማለን፤ ብርጭቆው ድምፁን ያጎላዋል። በእኔ ዕድሜ ያሉ ብዙ ሰዎች የድሮ ዘፈን የለመዱት ከበሮው ወጥቶለት ነው። በኋላ ዘፈኑን በትልቅ ስፒከር ሲሰሙት "ይሄ ነገር እንዲህ ነበር እንዴ?" ያላለ ያለ አይመስለኝም።

ዘፈን የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነበር። አንዱ ብሉቱዝ ነው። "ብሉቱዝሽን ክፈቺ" ትላለች ጓደኛዬ። ሁለቱ ስልኮች ዴስክ ላይ ጎን ለጎን ይተኛሉ። እስኪያልቅ ማንም አይነካቸውም፤ ግማሽ ላይ ከተቋረጠ እንደገና ነው። ሌላው ሱቅ ነው። ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር ያለው ሱቅ ሁሉ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ነበር፤ "ዘፈን፣ ፊልም፣ ሪንግቶን እንጭናለን"። ዋጋው አንድ ካሴት ከሚገዛበት ያነሰ ነው።

"ምን ልጫንልሽ?" ይላል ልጁ፣ ሜሞሪዋን አውጥቶ ካርድ ሪደሩ ላይ እየሰካ።

"የድሮ።"

"የድሮ የሴት ነው የወንድ?"

"የሁለቱም።"

"ባህላዊስ ልጨምርልሽ?"

"ጨምርልኝ።"

አለቀ። አንድም ዘፋኝ በስም አልተጠራም። ልጁ "ምርጥ የድሮ" የሚለውን ፎልደር እንዳለ ይገለብጠዋል፤ "ባህላዊ" የሚለውንም እንዲሁ። ፎልደሮቹን ማን እንደሞላቸው እሱም አያውቅም፤ ከሌላ ሱቅ በፍላሽ የመጡ ናቸው። ልጁን አልወቅሰውም። ፈጣን ነበር፣ ትሑት ነበር፣ ቫይረስ ካለም አጽድቶ ነው የሚሰጠኝ። በዚያ ዘመን ደሴ ውስጥ ሙዚቃ ለሰው በማድረስ ከእሱ በላይ የደከመ ሰው ትንሽ ነው።

ቤት ሄጄ ስከፍተው ስክሪኑ ላይ የሚታየው ይህ ነው። ትራክ 05። ትራክ 11። አንኖውን። ኒው ፎልደር 2። ስልኩ የግዕዝ ፊደል አያውቅም፤ በአማርኛ የተጻፈ ስም ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ይደረደራል። የቀሩት በላቲን ፊደል እንደመጣለት የተጻፉ ናቸው፤ "ትዝታ" የሚለው ብቻ በየፋይሉ ሌላ ሌላ አጻጻፍ አለው። አንዳንዱ ዘፈን ላይ ደግሞ የዘፋኙ ስም በሚወጣበት ቦታ የአንድ ሱቅ ስምና ስልክ ቁጥር ይሄዳል። የት ከተማ ያለ ሱቅ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ያቺን ሴት በዚያ በሚያምር ድምፅ እየሰማኋት፣ ስክሪኑ ላይ የሱቁ ቁጥር ይንሸራተታል። ይህ ያኔም ያናድደኝ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኤምፒ3 ሲሠራ ስም የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረውም። ቦታው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው የተጨመረው፤ አይዲ3 ይባላል። ከፋይሉ መጨረሻ ላይ የምትለጠፍ 128 ባይት ናት። ለርዕስ 30 ፊደል፣ ለዘፋኝ 30፣ ለአልበም 30፣ ለዓመተ ምሕረት 4፣ ለማስታወሻ 30። የቀሩት ምልክቷና የሙዚቃው ዓይነት ናቸው። በቃ። የግጥም ደራሲ የሚጻፍበት የለም። የዜማ ደራሲ የለም። አቀናባሪ የለም። የሙዚቃው ዓይነት ከ80 ዝርዝር ውስጥ በቁጥር ይመረጣል፤ ፖልካ 75 ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ትዝታ የለም። ባቲና አምባሰልም የሉም። ባቲ ከኮምቦልቻ አለፍ ብሎ ነው፣ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ነው። ቅኝቶቹ የአገሬን ስም ይዘው ዓለምን ዞረዋል። ስልኬ ላይ ግን "ሌላ" ተብለው ተቀመጡ።

ካሴት እንዲህ አልነበረም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሲንጀራቸው አጠገብ ሁልጊዜ ቴፕ አለ። ስልኩ እንደመጣ ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት ሱቃቸው ሄድኩና ኤርፎኑን አንዱን ለእሳቸው፣ አንዱን ለእኔ አደረግኩ። ሲንጀሩን አቆሙ። እግራቸው ፔዳሉ ላይ እንዳለ ነው የሰሙት። ዘፈኑ ግማሽ ሲደርስ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው፣

"ዜማው የማን ነው?" አሉኝ።

ስክሪኑን አሳየኋቸው። ትራክ 05 ይላል።

"ግጥሙስ?"

"አይጽፍም፣ አባባ።"

ዝም ብለው እስኪያልቅ ሰሙ። ከዚያ "ይሄን ክራር የሚመታውን ሰው እኮ አውቀዋለሁ። ስሙን የት ጣሉት?" አሉ።

ማታ ቤት ሲገቡ ከቁም ሳጥኑ ላይ የካሴታቸውን ካርቶን አወረዱ። አንዱን ከፍተው ከውስጡ ወረቀቱን ሳቡት። ሦስት ጊዜ የታጠፈ ነው፤ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ተልጦ ነጭ መስመር ሠርቷል። ከፊት የዘፋኙ ፎቶ። ከውስጥ፣ ሽንብራ እንኳ የማያክል ፊደል፣ ሁሉም አለ። ከእያንዳንዱ ዘፈን ርዕስ ፊት ለፊት ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ። ከሥር ቅንብር። ሊድ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ሳክስፎን፣ ኪቦርድ፤ እያንዳንዱ በስሙ። ቀረጻው የተሠራበት ስቱዲዮ። ከዚያ ረጅም ምስጋና፤ ለእናት፣ ለአባት፣ ለጓደኞች፣ ለፎቶ አንሺው። መጨረሻ ላይ ያለ ፈቃድ ማባዛት በሕግ ያስጠይቃል የሚል ማስጠንቀቂያ። አባቴ ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡልኝ። ግማሹን ሳያዩ በቃላቸው ነው የሚሉት።

ካሴት ሲገዙ እንዴት እንደሚመርጡ ያኔ ነው የገባኝ። መጀመሪያ የሚያዩት የዘፋኙን ፎቶ አይደለም፤ ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው ዜማ የሚለውን ይፈልጋሉ። አበበ መለሰ ካለበት ይገዛሉ። ግጥም ይልማ ገብረአብ ከሆነ ይገዛሉ። ዓለምፀሐይ ወዳጆ ካለችበት ይገዛሉ። ዘፋኙ አዲስ ይሁን፣ አይታወቅ፣ ግድ የላቸውም። በ1970ዎቹ ሮሃ ባንድ የብዙ ዘፋኞችን ካሴት አጅቧል፤ አባቴ ያጀበው ሮሃ ይሁን ዋልያስ ወይም ዳህላክ ከመግቢያው ይለያሉ። ይህን ያወቁት ሙዚቃ ተምረው አይደለም። ማታ ማታ እየሰሙ ወረቀት እያነበቡ ነው። እኔ 500 ዘፈን በኪሴ ይዤ፣ እሳቸው በአንድ ካርቶን ካሴት የሚያውቁትን ሩብ አላውቅም ነበር። በዕድሜ ወይም በፍቅር በልጠውኝ ብቻ አይደለም። ወረቀቱ ከእኔ ዘፈኖች ጋር ስላልመጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ደብተር ገዛሁ። እሑድ እሑድ ከሰዓት አባቴ ሥራ ስለማይኖራቸው አብረን እንሰማለን። ትራክ 05፣ ዜማ እገሌ። ትራክ 11፣ ይሄ ቆይ፣ እስኪ መልሺው። እመልሰዋለሁ። በዚያች በጎን ቁልፍ ደጋግሜ ነው የምመልሰው፤ ቀይ ቀለሟ መጀመሪያ የተላጠው እሷ ላይ ነው። እሳቸው የማያውቁትን ጎረቤት እንጠይቃለን። ጠጅ ቤት ያላቸው አንድ ሰውዬ ሙሉ መደርደሪያ ካሴት ነበራቸው፤ ወረቀቶቹን አውሰውን ገልብጬ መለስኩ። አንዳንዱ ካሴት ወረቀቱ ጠፍቷል። አንዳንዱ ራሱ ኮፒ ካሴት ነው፤ ወረቀቱም በፎቶ ኮፒ የተባዛ፣ ስሞቹ የማይነበቡ። ስለዚህ ስም መጣል በሞባይል አልተጀመረም። ሞባይሉ ግን ጨርሶት ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ አዲስ አበባ ሄድኩ። እዚያ ስልኩ ሌላ በረከት ነበረው፤ ኤፍ ኤም ሬድዮው። ሬድዮው ያለ ኤርፎን አይሠራም፤ ሽቦው ነው አንቴናው። ደሴ እያለሁ ብዙም አልነካሁትም ነበር። አዲስ አበባ ግን ሸገር 102.1 አለ፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 አለ። ሬድዮ ላይ ጥሩ አቅራቢ ሲገኝ ከዘፈኑ በፊት ስም ይጠራል። ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማውን ማን ደረሰው፣ የት ተቀረጸ። የማውቀው ዘፈን ሲመጣ ደብተሬን እከፍታለሁ። በዚያው አንድ ስልክ ላይ፣ በሬድዮው በኩል ስም ይመጣል፣ በፕሌየሩ በኩል ስም ይጠፋል። ለእረፍት ደሴ ስመለስ አውቶቡሱ ከተማውን ለቆ እየራቀ ሲሄድ ሬድዮው መሻከር ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ጣርማ በርን ወርደን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ከሚሴን አልፈን ኮምቦልቻ እስክንደርስ ያለው መንገድ የፕሌየሩ ነው።

ስለ አቀናባሪ ብዙ ያሳሰበኝ ኤልያስ መልካ ነው። የእሱን ሥራ ስሙን ሳላውቅ ለስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። የእዮብ መኮንንን የመጀመሪያ አልበም ስሰማ አቀናባሪው እሱ እንደሆነ የነገረኝ የዶርም ጓደኛዬ ነው፤ ፋይሉ አልነገረኝም። ከዚያ ወዲያ ሌሎች የምወዳቸውን ዘፈኖች እየፈለግኩ ስሄድ ደጋግሞ የሚመጣው የእሱ ስም ነው። ለካ አንድ ሰው ነው የምወደው። ኤልያስ ለሙዚቃ ባለሙያዎች መብት ብዙ የተሟገተ ሰው ነበር። ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ አቀረበ። ጥቂት ወራት ቆይቶ በ2012 መስከረም ላይ አረፈ። ዜናው ሲነገር ዕድሜ ልካቸውን ሥራውን ሲሰሙ ኖረው ስሙን ገና ያኔ የሰሙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ይህ ልቤን ይሰብረዋል።

ሕጉ እኮ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከእኔ ስልክ በፊት የወጣ ነው። የሚያወራው ስለ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሥራ ያመነጨ ሰው የሥራው ባለቤት ተብሎ በስሙ የመታወቅ መብት አለው ይላል። ስለ ኮፒ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው ገንዘቡ ነው፤ ይገባልም፤ ብዙ አሳታሚና ካሴት ቤት የተዘጋው በዚህ ነው። ስሙን ግን ማንም አያነሣውም። ገንዘብ መክፈል ለአንድ ተማሪ ሊከብደው ይችላል። ስም መጻፍ ምን ያስከፍላል? 30 ፊደል ነው።

አሁን ደግሞ ቦታው ሰፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 የመጣው ሁለተኛው አይዲ3 ለዜማ ደራሲም፣ ለግጥም ደራሲም የየራሱ መግቢያ አለው። በ30 ፊደል አይገደብም። የግዕዝ ፊደልም ይቀበላል። እኔ ከደብተሬ ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ እነዚህን ሁሉ በአማርኛ ሞላኋቸው። 5310 ላይ ሲገቡ አራት ማዕዘን ይሆናሉ፤ ይሁኑ። ኮምፒውተር ላይ ግን ይነበባሉ፣ ዛሬ ባለው ስልኬም ላይ ይነበባሉ። አዳዲስ አልበሞች ዩቲዩብ ላይ ሲወጡ ከሥር ሙሉውን ዝርዝር የሚጽፉ አሉ፤ ሚክስ ያደረገውን ሳይቀር። እነሱን ሳይ ደስ ይለኛል፣ ሁልጊዜም ዝቅ ብዬ አነባለሁ። የድሮዎቹ ግን አሁንም ያው ናቸው። የዘፋኝ ስምና "ምርጥ የድሮ ዘፈን"። ያ የፒያሳው ፎልደር እንዳለ ዩቲዩብ ላይ የተጫነ ይመስለኛል።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ቤታችሁ ካሴት ካለ ቴፕ ባይኖራችሁም አትጣሉት። ወረቀቱን ከውስጡ አውጡት፣ ዘርግታችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ በደንብ ብርሃን ባለበት ቦታ፣ ፊትና ጀርባውን። ከዚያ የሆነ ቦታ ላይ አውጡት። እነዚህ ወረቀቶች ከካሴቱ ክር በፊት ሊያልቁ ይችላሉ፤ እርጥበት ሲነካቸው ቀለማቸው ይለቃል። ሳክስፎን የነፋው ሰው ስም ሌላ የትም ላይጻፍ ይችላል።

የእኔ ደብተር ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። አንድ ዘፈን ግን ለብዙ ዓመት ይዞኛል። "ባህላዊ" ከሚለው ፎልደር የመጣ ነው። የወንድ ድምፅ ነው፤ ጎልማሳ፣ ትንሽ ሻካራ። ቅኝቱ አንቺ ሆዬ ነው። ከማሲንቆ በቀር ሌላ መሣሪያ የለውም። ማሲንቆው ለብቻው ረዘም አድርጎ ይጀምራል፤ ዘፋኙ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ከሩቅ "በል እንጂ!" ይላል። ስቱዲዮ አይመስልም፤ የሰው ጉምጉምታ ይሰማል፣ ምናልባት ሰርግ ቤት ነው። መጨረሻው ላይ ዘፋኙ ስንኝ ጀምሮ ሳይጨርስ ይቆረጣል፤ ካሴቱ አልቆ ይሆናል። አባቴ አነጋገሩን ሰምተው የሰቆጣ ሰው ነው ይላሉ። እናቴ የላስታ ነው ባይ ናት፤ ላስታ ዘመድ ስላላት አትሸነፍም። ጠጅ ቤት ያላቸው ሰውዬም ሰምተውት አላወቁትም።

ይህን ዘፈን የምታውቁ ካላችሁ የዘፋኙንም የማሲንቆ መቺውንም ስም ጻፉልኝ። አንድ ሰው ከሆኑም ንገሩኝ።